ኢንቨስተር የሚሸሸው ብሔር ስለበዛብን ነው እንዴ?

ባለፈው እሁድ ዱከም ከቤቴ ፊት ለፊት ካለችው ጀበና ቡና ቁጭ ብለን፣ አንዱ የሰፈር ልጅ "ኢንቨስተር እዚህ ሀገር የማይበረክተው ብሔር ስለበዛብን ነው፣ ቻይናን አታይም አንድ ሕዝብ ስለሆነ በቃ ይሠራል" አለ። ሌላው ደሞ ቲቪ ላይ እንደሚባለው "ብዝኃነታችን ሀብታችን ነው" ብሎ መለሰለት። ከዛ ነገሩ ወደ ፖለቲካ ዞረና በረካው ሳይደርስ ተበተንን። እኔ ግን ቤት ገብቼም ሲከነክነኝ አመሸ፣ ምክንያቱም እዚሁ አካባቢ አንድ የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ውስጥ ስድስት ዓመት በአስተርጓሚነትም በሰው ኃይል ክፍልም ስለሠራሁ ነገሩ በየቀኑ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ ሁለቱም ያሉት ነገር እዛ ካየሁት ጋር አይገጥምልኝም። እስቲ እንደገባኝ ላስረዳ።

መጀመሪያ የቻይናው ነገር ይታረም። ቻይና ራሷ በይፋ የምታውቃቸው 56 ብሔረሰቦች አሏት፣ ሀን የሚባሉት በጣም ስለሚበዙ ነው ለኛ አንድ የሚመስሉን። ሲንጋፖርን ደሞ ብናይ ማላይ፣ ማንዳሪን፣ ታሚልና እንግሊዝኛ አራቱም ኦፊሻል ቋንቋ ናቸው፣ ቻይናውም ህንዱም ማላዩም አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው፣ የውጭ ኢንቨስትመንት በመሳብ ግን ከዓለም ፊት ከሚሰለፉት ናት። ጎረቤታችን ሶማሊያ ደሞ ከሞላ ጎደል አንድ ቋንቋና አንድ ሃይማኖት ያላት ሀገር ናት፣ ይሄ አንድነት ግን በ1983 መንግሥት ከመፍረስም ከዛ በኋላ ከመጣው ጦርነትም አላዳናትም፣ ፋብሪካ ይዞ የሚገባ ሰውም በቀላሉ አላገኘችም። ስለዚህ ብሔር ቆጥሮ ኢንቨስተር ይመጣል አይመጣም ማለት አይቻልም።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ባህል የሚገባው? "ቀጥታ የውጭ ኢንቨስትመንት" የሚባለው ገንዘቡን ይዞ መጥቶ ሼድ የሚተክል፣ ማሽን የሚያስገባ፣ ሰው የሚቀጥር ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው ካልተመቸው ነገ ሸጦ ይወጣል፣ ይሄኛው ግን ሼዱን ጠቅልሎ አይሄድም፣ አስር ሃያ ዓመት ከኛ ጋር መኖር አለበት። ልጁን ሊድር ያሰበ ቤተሰብ ስለ ሙሽራው እንደሚያጠያይቀው እሱም ያጠያይቃል፦ እነዚህ ሰዎች እንዴት ነው የሚሠሩት፣ ቃላቸው ምን ያህል ይይዛል፣ ሲጣሉ ማን ያስታርቃቸዋል፣ ነገ እኔ ላይ ቢነሱስ? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ራሱ ገንዘብ ያስወጣል፣ የባህል ልዩነት ደሞ ይሄን ወጪ ከፍም ዝቅም የሚያደርገው ነገር ነው።

ዝቅ የሚያደርግበትን መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም። ሞሪሸስ የህንድ፣ የአፍሪካ፣ የቻይናና የፈረንሳይ ዝርያ ያላቸው ሰዎች አብረው የሚኖሩባት ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ለኤክስፖርት የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች፣ ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች አንዱ የቻይና ዝርያ ያላቸው ሞሪሸሳዊ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ሊም ፋት ነበሩ፣ ከዛ በኋላ የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች መጥተው ሹራብና ልብስ ማምረት ጀመሩ። ቋንቋቸውን የሚችል፣ ሲጠይቁት የሚመልስላቸው ሰው ደሴቷ ላይ ነበረዋ። አሜሪካም ላይ ቡርካርዲ፣ ቼኒና ሀሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ቅድመ አያቶቹ ከአንድ ሀገር የመጡ ሰዎች በብዛት የሚኖሩበት ወረዳ ከዛው ሀገር ጋር በኢንቨስትመንት የመተሳሰር ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፣ ሰዎቹ ከመጡ ብዙ አስርት ዓመታት ካለፉም በኋላ ማለት ነው። ሰው ትቶት የመጣውን ሀገር ነገር የሚያውቅ ዘመድ ይተርፈዋል፣ የኢንቨስተር መረጃ ደሞ የሚሄደው በዚህ ዓይነቱ ዘመድ በኩል ነው።

እኛም ሀገር ይሄ ገብቷቸው የተጻፉ ሕጎች አሉ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን "ቢጫ ካርድ" የሚባለውን ይዘው እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት መሥራት የቻሉት በአዋጅ 270/1994 ነው። የኢንቨስትመንት አዋጁ 1180/2012 ደሞ የውጭ ዜጋ ብቻውን ሲመጣ ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃል፣ ከሀገር ውስጥ ሰው ጋር ከተሻረከ ግን 150,000 ይበቃዋል። ሕጉ ምክንያቱን አይዘረዝርም፣ እኔ ግን ያቺ 50,000 ዶላር ቅናሽ ሸሪኩ ይዞት ለሚመጣው የሰፈር ዕውቀት የተከፈለች ነው የምትመስለኝ።

እዚሁ ዱከም የምስራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ሁዋጂያን የሚባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ አቶ መለስ ዜናዊ በ2003 ቻይና ሄደው ከጋበዙት በኋላ በወራት ውስጥ፣ ጥር 2004 ላይ ማምረት ጀምሯል። ከዛ በፊት ግን ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ቻይና ተልከው ሠልጥነው ነበር። ሰዉ ስለ ፍጥነቱ ነው የሚያወራው፣ እኔን የሚገርመኝ ልጆቹን መላኩ ነው፣ ምክንያቱም ተመልሰው ሲመጡ የቻይናውን አሠራር በአማርኛና በኦሮምኛ ማስረዳት የሚችል ሰው የማምረቻ መስመሩ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሼዱ ውስጥ እንግባ፣ ዋናው ነገር እዛ ስለሆነ።

አንድ ቃል ብቻ ልውሰድ፣ "እሺ"። ማናጀሩ "ይሄን 500 ጥንድ እስከ ማታ ትጨርሻለሽ?" ይላል፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ "እሺ" ትላለች። እኛ ጋ እሺ ማለት ሰምቻለሁ፣ አላስቀይምህም፣ እሞክራለሁ ሊሆን ይችላል። እሱ ጆሮ የሚደርሰው ግን "አዎ ቃሌ ነው" ሆኖ ነው። ማታ ሥራው 380 ላይ ሲቆም እሱ ዋሸችኝ ይላል፣ እሷ "መቼ እጨርሳለሁ አልኩ" ትላለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሲጮህባት ደሞ ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች፣ ታላቅ ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው፣ እሱ ግን ንቃኝ ነው ብሎ የባሰ ይጮሃል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን "አዎ" የምንልባትን ድምፅ እንኳን አንዱ አዲስ የመጣ ኢንጂነር ሴትየዋ ያማታል እንዴ ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺን "አዎ" እያልኩ ሳስተረጉም ኖሬ ስንት ሰው ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደደረሰው ሳስብ አሁንም ያመኛል። በኋላ ነው የነቃሁት፣ እሺ ስትለኝ "ስንት ትደርሻለሽ?" ብዬ መልሼ እጠይቃታለሁ፣ 400 ትለኛለች፣ 400 እለዋለሁ፣ አለቀ። ያቺ አንዷ ጥያቄ የስንት ቀን ጭቅጭቅ እንዳስቀረች ፔይሮል ላይ አትታይም፣ ግን ለፋብሪካው ገንዘብ ናት።

ሌላው ለቅሶ ነው። ስፌት ክፍል የምትሠራ የወላይታ ልጅ ነበረች፣ እዚህ ስትመጣ ማንንም አታውቅም፣ ያከራዩዋት እማማ የመጀመሪያውን ወር ቤት ኪራይ በዱቤ ሰጥተው፣ ስትታመም አጥሚት አፍልተው ያኖሯት ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ሁለት ቀን ቀረች። ማናጀሩ "አከራይዋ ምኗ ናት?" አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነደሞዝ ይሰጣል፣ አከራይ ግን የለችበትም። እሱ በወረቀት ትክክል ነበር። እኔ ግን ዕድር ምን እንደሆነ ቁጭ አድርጌ አስረዳሁት፣ በየወሩ ብር ይከፈላል፣ ብሩ ግን ትንሹ ነገር ነው፣ ዋናው ክፍያ መገኘት ነው፣ ድንኳን መትከል፣ ቀብር መሄድ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ያልተገኘ ይቀጣል፣ እሷ ዛሬ ካልተገኘች ነገ እናቷ ሞቱ ብትባል በዚህ ሰፈር ማንም አይደርስላትም። ትንሽ ዝም አለና "ዕዳ ነው ማለት ነው" አለ። አዎ ዕዳ ነው፣ በጣም ትልቅ ዕዳ። ከዛ በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ ወረቀት ከጻፈላቸው ለቀብር ግማሽ ቀን እንዲፈቀድላቸው፣ ሰዓቱን በሌላ ቀን እንዲያካክሱ ተስማማን። ሳይናገር የሚጠፋ ሰው በጣም ቀነሰ፣ ምክንያቱም በፊት ሰዉ የሚጠፋው ብጠይቅም አይፈቅዱልኝም ብሎ ነበር።

ይሄ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እዚህ ኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ አመልካቾችን ይዘው ጥናት ሠርተው ነበር፣ ሥራ ካገኙት ውስጥ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ ዓመት ሳይሞላ ደሞ አብዛኞቹ ወጡ። ደሞዝ ማነሱና ሥራው ጤና ላይ የሚያመጣው ጉዳት ዋና ምክንያት መሆኑ አይካድም፣ ማንም አያታልላችሁ፣ በባህል ብቻ የሚገለጽ ነገር አይደለም። ግን ደሞዙ ትንሽ ሆኖ ላዩ ላይ ስድብና አለመግባባት ሲጨመርበት ሰው ለምን ይቆያል? የለቀቀው ሰው ቦታ አዲስ ሰው ይመጣል፣ አዲሱ እስኪለምድ ወር ሁለት ወር ዕቃ ያበላሻል፣ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ የመጣው ባለሀብት ጉልበቱ ለካ ርካሽ አልነበረም ይላል።

ምግብም አለ። አንድ ጊዜ ማናጀሮቹ ጥሩ አስበው ለበዓል በሬ ገዝተው አረዱ። ሙስሊሞቹ በክርስቲያን የታረደ አንበላም አሉ፣ ክርስቲያኖቹ በሙስሊም ቢታረድ አይበሉም ነበር፣ ሁለት ዓይነት ሥጋ መኖር እንዳለበት የነገራቸው ሰው የለም። ከዛ ሁዳዴ ገባና 55 ቀን ሥጋም ወተትም የለም፣ ረቡዕና አርብም እንደዛው። በመጨረሻ ካፌው በአዘቦት ቀን ሽሮና ምስር ብቻ ይሥራ ተባለ፣ እሱን ሁሉም ይበላል፣ ቻይናዎቹም ለመዱት፣ ከነሱ አንዱማ ሽሮውን በሩዝ ነበር የሚበላው። ለበዓል ሥጋ ከተባለ ደሞ ሁለት ቦታ ይታረዳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቀድሞ የሚጠየቅ ሰው ከሌለ በሬው ታርዶ ነው የሚታወቀው።

መስከረምን ደሞ ተዉት። ለፈረንጆች ገና የሚላከው ትዕዛዝ የሚጣደፍበት ወር ነው፣ እኛ ጋ ግን መስከረም 1 ዕንቁጣጣሽ፣ 17 መስቀል፣ ጉራጌዎቹ ልጆች መስቀልን ሀገራቸው ካልዋሉ ዓመቱ ዓመት አይሆንላቸውም፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ደሞ ቢሾፍቱ እሬቻ አለ፣ ከዱከም ሰው በእግሩ ሁሉ ይሄዳል። የሙስሊሙ በዓል በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ቦታ ይቀያየራል። ጥር ወይ የካቲት ላይ ደሞ ተራው የቻይኖቹ አዲስ ዓመት ይሆንና እነሱ ይጠፋሉ።

እስካሁን ያልኩት ወጪውን ነው፣ ጥቅሙም ግን እዛው ሼድ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ባለሁበት ቻይንኛ ቶሎ የያዙት ድሮም ሦስት ቋንቋ የሚናገሩት ልጆች ነበሩ፣ ሀዲይኛ እናቱ ቤት፣ ኦሮምኛ ሰፈር፣ አማርኛ ትምህርት ቤት የለመደ ልጅ አራተኛውን አይፈራውም። ሁሉም መጀመሪያ "ኳይ ኳይ" የምትለዋን ቶሎ ቶሎ ማለትን ነው የሚለምደው፣ እነዚህ ግን በስድስት ወር ማሽን ሲበላሽ ምኑ እንደተበላሸ ለኢንጂነሩ በቋንቋው ይነግሩት ነበር። ይሄ ችሎታ የመጣው ተደባልቀው ስላደጉ ነው።

አንድ ያስቀየመኝን ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የመስመር ኃላፊዎች ሰው አምጡ ሲባሉ የየራሳቸውን ሀገር ልጆች ነበር የሚያመጡት። ሲጀመር ጥሩ ይመስላል፣ የሚተዋወቅ ሰው ቶሎ አይለቅም፣ አዲሱን የድሮው ያሳየዋል። ቆይቶ ግን አንዱ መስመር በሙሉ ከአንድ ዞን ይሆናል፣ ኦቨርታይም ሲመጣ ለነሱ ነው፣ እድገት ለነሱ ነው ይባላል፣ ሐሜቱ እውነት ይሁን ውሸት ሳይጣራ ሥራ ይቆማል። እኛም ጋ አንድ ሳምንት ሙሉ ቆሟል። የቆመው ብሔር ስለበዛ አይደለም፣ መስመሩ በዘር ስለተከፋፈለና የእድገቱ መስፈርት የትም ስላልተለጠፈ ነው። በኋላ መስመሮቹ ተደባለቁ፣ መስፈርቱም በአማርኛና በኦሮምኛ በር ላይ ተለጠፈ።

ይሄው ነገር በሀገር ደረጃ ሲሆን ግን ሰው ያልቃል። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ እሬቻ ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ሰበታ አካባቢ የውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜም ብዙ ሰው "የብሔር ጉዳይ ነው" ብሎ አለፈው። ግን ወደኋላ ሄዳችሁ እዩት፣ የአዲስ አበባና የዙሪያው ማስተር ፕላን ተቃውሞ በ2006 ተነሳ፣ በ2008 ከጊንጪ እንደገና ተቀጣጠለ፣ ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። መነሻው መሬት ነበር። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለሀብቱ የሚዋዋለው ከመንግሥት ጋር ነው፣ ውሉ ላይ ገበሬው የለም። በድሮው አዋጅ 455/1997 ገበሬው የሚካሰው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአስር ተባዝቶ ነበር፣ በአዋጅ 1161/2011 ነው በሦስት ዓመት ውስጥ ያገኘው ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛ የተባለው። አባቱ ጤፍ ያመረተበት ማሳ ላይ ሼድ ተተክሎ፣ ጥበቃው በቋንቋው የማያናግረው፣ ቅጥሩ ደሞ ሌላ ቦታ የሚያልቅበት ወጣት ምን እንዲሰማው ነው የሚጠበቀው? ባለሀብቱ ደሞ ወረቀቴ ሙሉ ነው ብሎ ተኝቷል። በመሀላቸው የሚነጋገሩበት ቋንቋም ሰውም አልነበረም።

ይሄን በቁጥር ያጠኑም አሉ። ኢስተርሊና ሌቪን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ የአፍሪካ ሀገሮች ዕድገት ቀርፋፋ መሆን ከብሔር መከፋፈል ጋር እንደሚያያዝ ጽፈው ነበር፣ የኛ የሰፈር ልጅ የሚለውን ማለት ነው። ኢስተርሊ ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ተመልሶ ሲያየው ሕግ የሚከበርበት፣ ውል የሚጸናበት፣ መንግሥት የሰው ንብረት የማይነጥቅበት ሀገር ላይ ያ ጉዳት በጣም እንደሚቀንስ አገኘ። አንዱን ብቻ አንብቦ ሌላውን የተወ ሰው ነው ብሔር ላይ የሚጮኸው።

ስለዚህ እሁድ ለዛ ልጅ የምለው ይሄ ነው። ኢንቨስተሩ እዚህ መጥቶ 80 ቋንቋ አለ ሲባል አይደነግጥም፣ የሚያሰጋው አንድ ነገር ሲፈጠር ማንን እንደሚጠራ አለማወቁ ነው። መሀል ላይ የሚቆም ሰው ካለ፣ አስተርጓሚው፣ የመስመር ኃላፊው፣ የዕድር ጸሐፊው፣ አባ ገዳው፣ ከውጭ የተመለሰው ዲያስፖራ፣ ልዩነታችን የሚሠራ ነገር ይሆናል። ከሌለ ግን አንድ "እሺ" እንኳን ፀብ ታመጣለች። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ሰው በጀት የማይያዝለት መሆኑ ነው። ፓርክ ሲሠራ መብራት፣ ውሃ፣ መንገድ ይታቀዳል፣ አስተርጓሚ ግን ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚፈለግ፣ ከማሽን ኦፕሬተር ትንሽ ከፍ ያለ ደሞዝ የሚሰጠው፣ ሁለቱም ወገን ሲናደድ መጀመሪያ የሚሰደብ ሰው ነው።

ከመልቀቄ በፊት ባለው ዓመት እኔና አንዷ የሂሳብ ልጅ ትልቅ ካርቶን ላይ ካላንደር ሠርተን ነበር፣ ከላይ የኛ ቀን ከታች የፈረንጁ፣ የኦርቶዶክሱ በቀይ፣ የሙስሊሙ በአረንጓዴ፣ እሬቻ በጥቁር፣ የቻይና አዲስ ዓመት በቢጫ ተቀለመ። ነሐሴ ላይ ማናጀሩ እሱ ፊት ቆሞ መስመር በመስመር ማን መቼ እንደሚሄድ እየጠየቀ ጻፈ፣ ጉራጌዎቹ የመስቀሉን ሳምንት ወሰዱ፣ ሌሎቹ ልጆች ተተኩላቸው፣ እነሱ ደሞ ሲመለሱ የእሬቻውን እሁድ ሸፈኑ። የመስከረሙ ትዕዛዝ በቀኑ ወጣ።